ጃንጥላው ሁለቴ ሲመታ

«ቀስ በይ እንጂ! ከፊትሽ ያለው ሰውዬ ምን አደረገሽ?» አሉኝ እትዬ ከኋላ ወንበር።

ምንም አላደረገኝም። ግን ያን ቀን እንኳን ሰው መንገዱም አናዶኛል። አሮጌዋን ኦልድስሞቢሌን ዩለስ ካለው አፓርትመንታችን አስነስቼ፣ በኤርፖርቱ መሀል አቋርጬ ወደ 635 አውራ ጎዳና ልወጣ እየከነፍኩ ነው። እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሜይ 1999። በሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሬዲዮው በረዶ ሊጥል ይችላል፣ መኪናችሁን ጋራዥ አስገቡ እያለ ይለፈልፋል። የትኛውን ጋራዥ! ፋርመርስ ብራንች በተከራየነው አዳራሽ የልጄ የቃልኪዳን መልስ ሊጀመር ነው፤ እኔ የሙሽራዋ እናት ገና መንገድ ላይ ነኝ፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ በየትኛው በር እንደሚገቡ ገና አልተወሰነም።

ጠቡ ሁሉ በዚያ በር ላይ ነው።

እትዬ አስካለማርያም አሜሪካ ከገባን ጀምሮ አንድ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። «ከፊት የሚሄደው ልጅ ነው» ይላሉ። ልጅ ማለት እኔ ውባለም ነኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ኤርፖርት ውስጥ ሰው በዊልቸር ስገፋ ነው የምውለው። ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ ያቺ ጃንጥላ ይዛ ከፊታቸው የምትሮጥ ልጅ ነኝ።

በወረቀት እናቴ ናቸው። ገዳሪፍ ካምፕ ስንመዘገብ ጸሐፊው በእጁ ወደሳቸው እያመለከተ «ምንሽ ናት?» ሲለኝ «እናቴ» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? «እመቤቴ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውቤ በረሃ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ እሳቸው ቤት የገባሁ አሳላፊያቸው ነኝ» ልበለው? ደግሞስ ማን ዋሸ? ወሰን ስንሻገር ቃልኪዳንን በጀርባቸው ያዘሉት እሳቸው ናቸው። እኔ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ ራሴንም መሸከም አቅቶኝ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላም እኔ ደብል ሺፍት ስሠራ ልጄን አጥበው፣ አብልተው፣ ስኩል ባስ ጥግ ቆመው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው።

እትዬ ኮማሪት ነበሩ። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁን የምታጨማድዱ ካላችሁ፣ አጨማድዱ። ኮማሪት ማለት የጠጅ ቤቱ እመቤት፣ ራሷም የቤቱ ጌጥ የሆነች ሴት ናት። የፈለገችውን ታስገባለች፣ ያልፈለገችውን ከደጅ ትመልሳለች፤ የወደደችውን ታሳድራለች፣ ያልወደደችው ደግሞ ደጃዝማች ቢሆን ጠጁን ጠጥቶ ይሄዳታል። በንጉሡ ዘመን ውቤ በረሃ ውስጥ ብዙ ቤት ነበር፤ የእትዬን ቤት የሚያህል ግን አልነበረም። ይኼን የምለው ስላሳደጉኝ አይደለም። እሺ፣ ስላሳደጉኝም ነው።

የእኛ ቀን ከሌላው ሰው ቀን የተገለበጠ ነበር። እትዬ እስከ ረፋድ ይተኛሉ፤ እኔና ታላቄ የሆነች አንዲት ልጅ ግን በጠዋት ተነስተን ብርሌ እናጥባለን። አሸዋና ግራዋ ከውሃ ጋር ጨምረን እንንጠዋለን፤ አንገቱን ደግሞ በጣት እንወለውላለን። ጠባቡ አንገት ውስጥ የሚገባው የልጅ ጣት ብቻ ነው፤ ጠጅ ቤት ልጅ የሚወደደው አንዱ ለዚህ ነው። ከዚያ ካውያውን በከሰል አግለን ቀሚሳቸውን እንተኩሳለን። ሲነሱ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ። ሹሩባ የምትሠራቸው ሴትዮ ስትመጣ እኔ ቅቤውን ይዤ እቆማለሁ፤ ሴትዮዋ የሰፈሩን ወሬ ስታወራ ጆሮዬን እተክላለሁ፣ እትዬም «ጆሮሽን ንቀይ» ይሉኛል። ከሰዓት ጋደም ሲሉ ከአልጋው እግር ሥር ተቀምጬ ዝንብ አባርራለሁ፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ አይተው እንዳላዩ ይሆኑ ነበር።

ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር «ፊት አትዪ፣ ብርሌ እዪ» የሚል ነው። የአሳላፊ ዓይን ከእንግዳው እጅ በላይ አይወጣም። ስለዚህ እኔ የዚያን ዘመን ሰዎች በእጃቸው ነው የማውቃቸው፤ ቀለበታቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ ብርሌ አያያዛቸውን። ፊታቸውን ብታሳዩኝ አንዱንም አላውቅላችሁም።

ማታ ቤቱ ሲሞላ እትዬ ከግቢው ማዶ ካለችው መኝታ ቤታቸው ይመጣሉ። ዝናብ ኖረም አልኖረ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከፊታቸው እሄዳለሁ። ደፉ ላይ ስደርስ በጃንጥላው ጫፍ ወለሉን ሁለቴ እመታለሁ። ያኔ የተቀመጠ ሁሉ ይቆማል። ግራ እጁን ብርሌው አፍ ላይ ይከድናል፤ እሳቸው ሳይቀመጡ ጠጅ አይቀዳማ! ባላባት ሆነ መኮንን፣ ያልቆመ ሰው ያን ማታ ጉሮሮው ደርቆ ያመሻል። እትዬ ወንበራቸው ላይ ይሰየሙና «ተቀመጡ፣ ቤታችሁ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሳይሉ ማንም አይቀመጥም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን «ይቺ ልጅ አድጋለች፤ ለእኔ ትሁን» አለ። እጁን አስታውሰዋለሁ፤ የድንጋይ ቀለበት ነበረበት። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ብርሌውን ከእጁ ወስደው ጠጁን እግሩ ላይ ደፉት። «እኔ ጠጅ ነው የምሸጥ። ልጄን አልሸጥም። ውጣ!» አሉት። በማግስቱ ፖሊስ መጥቶ ቤታችንን አሸገ። ቤቱ ታሽጎ በከረመበት ጊዜ እትዬ ወርቃቸውን እየሸጡ ያበሉን ነበር፤ እኔንም ያኔ ነው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ። እንግዲህ ዛሬ በኪችን በር ይግቡ የሚሉኝ እኚህን ሴትዮ ነው!

የሚሉኝ እነማን መሰሏችሁ? ዓርብ ዕለት ሻለቃ ጉግሳና ጋሽ ኃይለ መስቀል ቤቴ መጡ። ሻለቃ የሙሽራው የሕዝቅያስ አጎት ናቸው፤ አባቱ ስለሞተ እንደ አባት የሚቆሙለት እሳቸው ናቸው። ዋይሊ ከተማ አዲስ ቤት ገዝተዋል፤ ስለ ግቢያቸው ሣር ከጀመሩ አያቆሙም። ጋሽ ኃይለ መስቀል ታክሲ የሚነዱ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው።

«የሚጠጣ ምን ላምጣ?» አልኩ።

«ምንም። ለቁም ነገር ነው የመጣነው» አሉ ሻለቃ። እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አላወጡም። «ወይዘሮ ውባለም፣ የእኛ ቤተሰብ ስም ያለው ቤተሰብ ነው። እናቴ የሚሏቸው ሴትዮ ማን እንደሆኑ ሰው ነግሮናል።»

«የትኛው ሰው?»

«ሰው ነዋ።»

«እኔ እንኳ ያንን ሰፈር በስም እንጂ በእግሬም አላውቀው» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል ቶሎ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አይምጡ አላልንም» አሉ ሻለቃ። «በኪችን በኩል ይግቡና ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ። ማለቴ፣ እርስዎ እንዳሰቡት በእርስዎ ፋንታ የእናት ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጃችን ጉልበታቸውን የሚስም ከሆነ ግን የእኛ ወገን በሙሉ ብድግ ይላል፤ ይወጣል። ቪዲዮ የሚቀረጽ ነገር ነው፤ አገር ቤት ይላካል። ኦኬ?»

ኦኬ! ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። የምፈራው ለልጄ ነው። ሕዝቅያስ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ከአጎቱ ፊት ድምፁ አይወጣም። ወገኖቹ በመልሱ ቀን ጥለውት ቢወጡ ትዳሩ ገና በጠዋቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። «አስቤበት እነግራችኋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ቃልኪዳን ከኮሪደሩ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ማሚ፣ ሶ ከሄዱ ይሂዱ። እማማ እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጠች እኔ የማንንም ጉልበት አልስምም። ያንተንም፣ የማንንም።» አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ስትቆጣ እኔንም ወንድ ታደርገኛለች።

ልጄ የእትዬን ነገር ከልጅነቷ ታውቃለች። ጁኒየር ሃይ ሳለች ስለ ድሮ ጃፓን ፕሮጀክት ተሰጥቷት ከላይብረሪ መጽሐፍ አመጣች። ውስጡ አንዲት ሴት ተሥላለች፤ ከፍ ያለ የእንጨት ጫማ ተጫምታ፣ ፀጉሯ ላይ ጌጥ ሰክታ በመንገድ ታልፋለች። አብረዋት እንደሷ የለበሱ ሁለት ትናንሽ ልጆች ይሄዳሉ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ይቺማ የኛ ሰው ናት» አሉ።

«እማማ! ጃፓን ናት እኮ።»

«ትሁና። ቤት አላት፣ እንግዳ ይጠብቃታል። እነዚህ ልጆቿ ናቸው። ይቺ ትንሿ እንቅልፏ መጥቷል፤ እንዳይታወቅባት ነው ፊቷን ያዞረችው። ልክ እንደ እናትሽ።»

ልጄ ጠየቀች፤ እትዬም ያን ቀን ምንም ሳይደብቁ ነገሯት። ክፉውንም ደጉንም። ስለዚህ ሻለቃ ጉግሳ ለልጄ የሚገልጡላት ምስጢር የላቸውም።

ትናንት በሠርጉ ቀን እትዬ «እግሬን አመመኝ» ብለው ቤት ቀሩ። ዛሬም ነጭ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ያለበስኳቸው በስንት ልመና ነው። አሁን 635 ላይ ወጥተን ዝናቡ መስታወቱን መምታት ሲጀምር፣ ያቺን ባለ እንጨት እጀታ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተጣሩ።

«ውባለም።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«በኪችን በኩል እገባለሁ።»

መኪናዋ መስመሯን ልትስት ምንም አልቀራት። «ምን አሉኝ?»

«ዓርብ የተባለውን ሰምቻለሁ። በሩ ክፍት ነበር። የልጅቷ ቀን ነው፤ እኔ የራሴን ብዙ ቀን አይቻለሁ።»

«እትዬ፣ በሕይወትዎ በጓሮ በር ገብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ዛሬ ልየዋ፣ ምን አለበት።»

ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ቀለል ያለ ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። በመስታወት አየኋቸው፤ ወደ ውጭ እያዩ ነው።

«ሻለቃን ያውቋቸዋል አይደል?»

«እኔ ቤት የገባ ሰው ስም ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለፖሊስ አልወጣም፣ ለደርግ አልወጣም፣ ላንቺም አይወጣም።»

«ገብተዋል ማለት ነው!»

«መንገድሽን እዪ!» አሉኝ።

አዳራሹ መጋዘኖች መሀል ያለ ረጅም የጡብ ቤት ነው። ፓርክ አድርጌ ስወርድ የሻለቃ ባለቤት ወይዘሮ እናትነሽ ትልቁ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ባሏ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ፈገግታዋ ግን ማር ነው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! እማማ በዚያ በኩል ይሁኑ፣ የኪችኑ በር ክፍት ነው። ዝናቡም አያገኛቸውም።»

እትዬ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ ቤቱ ጓሮ መሄድ ጀመሩ። መንገዱ ላይ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ አለ። ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። ያን የመሰለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ያንን ውሃ ሊሻገሩ ጫማቸውን ሲያነሱ አየሁ።

«ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ እትዬን አዝዤ አላውቅም። ዘወር ብለው ትክ ብለው አዩኝ።

«ጃንጥላውን ይስጡኝ።»

«ውባለም፣ ተይ። ልጅቷን...»

«ልጅቷ የኔ ናት፤ እኔ ደግሞ የእርስዎ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ከፊትዎ ስሄድ ማንንም አልፈራሁም፣ ዛሬ አርባ ሰባት ሞልቶኝ ልፍራ? ይስጡኝ!»

ዝናቡ ሹሩባቸው ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ጃንጥላውን አቀበሉኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ በእጃቸው ጀርባዬን መታ አደረጉኝ።

«እንግዲያስ ቀጥ በይ። ትከሻሽን ምን አጎበጠው?»

ወይዘሮ እናትነሽን አልፌ በትልቁ በር ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ካሜራማኑ ያንን እንደ ጡብ የሚከብድ ካሜራ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ፊት ለፊት ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የእናት ወንበር ባዶውን ነው። ሻለቃ ጉግሳ የቤተሰቡን ረድፍ ይዘው በአንደኛው ጠረጴዛ ራስ ላይ አሉ፣ አጠገባቸው ጋሽ ኃይለ መስቀል። አዩኝ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ግን ገና አላዩም።

ደፉ ላይ ቆምኩ። ጃንጥላውን አነሳሁና ወለሉን ሁለቴ መታሁት። ጧ! ጧ!

እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ያደረግሁት ለእትዬ ነው። ለሌላ ለማንም አልነበረም። እንደ ድሮው ተከብረው ይግቡ ብዬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ሻለቃ ጉግሳ ቀጥ ብለው ቆመዋል! ግራ እጃቸው ብርጭቆው ላይ ተከድኗል። ከጎናቸው ያንን ሰፈር በእግራቸው የማያውቁት ጋሽ ኃይለ መስቀልም ቆመዋል፤ የእሳቸውም ግራ እጅ ብርጭቆው ላይ ነው። ከእኛ ወገን ደግሞ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ከወዲያ ጥግ ብድግ ብለዋል። ማንም ቁሙ ያላቸው የለም። ሰውነታቸው ነው ያስታወሰው።

እኔም ያን ጊዜ ሻለቃን አወቅኋቸው። በፊታቸው አይደለም። ብርጭቆው ላይ ያረፈው የግራ እጃቸው ትንሽ ጣት ወደ ውጭ የተቆለመመች ናት። መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ምክትል መቶ አለቃ! ጠጁን በዱቤ የሚጠጣው፣ ሲሰክር እናቱን እያነሳ የሚያለቅሰው፣ እትዬ በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው መደብ ላይ የሚያስተኙት። ዓርብ ዕለት አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢቀበሉኝ ኖሮ በዚያው ባወቅኋቸው ነበር።

የሙሽራው ወገን አጎታቸው ሲቆሙ አየ። አጎት ቆሞ ማን ይቀመጣል? እነሱም አንድ በአንድ ተነሱ። እንደተባለው የሻለቃ ወገን በሙሉ ብድግ አለ። በሩ ግን እኔ ዘንድ ነው፤ አንድም ሰው ወደሱ አልመጣም።

እትዬ ከኋላዬ በቀስታ ገቡ። በጠረጴዛዎቹ መሀል ጃንጥላውን ይዤ እመራቸዋለሁ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዩም። ሻለቃ ጋ ስንደርስ እንኳ ዓይናቸውን አላሳረፉባቸውም፤ ከዚህ በፊት አይተዋቸው እንደማያውቁ ሆነው አለፉ። ካሜራማኑ ከፊታችን እየሸሸ ይቀርጻል። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አደላደሉ፣ ቤቱን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩ።

«ተቀመጡ፣ ቤታችሁ ነው» አሉ።

ሻለቃ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ።

ወይዘሮ እናትነሽ ከበሩ መጥታ ባሏ ላይ አጎንብሳለች። «አንተ፣ ማን ቁም አለህና ነው እንደ ወታደር ድርቅ ያልከው?»

«እ... እግሬ ደንዝዞ ነው» አሉ።

«እጅህስ?»

ጋሽ ኃይለ መስቀል የጠረጴዛውን ልብስ ያጠናሉ።

ቃልኪዳን ካባዋን ሰብስባ ተነሳች። ሕዝቅያስ አንድ ጊዜ ወደ አጎቱ አየ፤ አጎቱ ቀና አላሉም። ያኔ ልጁ የሚስቱን እጅ ያዘና አብረው ሄደው እትዬ እግር ሥር ተንበረከኩ። ልጄ ጉልበታቸውን ስማ አልነሳ አለች፤ ፊቷን ቀሚሳቸው ውስጥ ቀብራ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ? እትዬ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። «ተነሺ፣ ኩልሽ ቀሚሴን አበላሸ» አሏት። ሕዝቅያስንም ግንባሩን ሳሙት። «አንተም ልጄ ነህ። የምታፍርበት ቤት አልገባህም» አሉት፤ ድምፃቸው እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ይሰማ ነበር።

ጃንጥላውን ወንበራቸው ላይ አስደግፌ የጠጁን ጠርሙስ አነሳሁ። የሙሽራ እናት ዞራ አትቀዳም፤ አስተናጋጅ ሞልቷል። እኔ ግን እንደ አሳላፊ ደንብ ጥቂት መዳፌ ላይ አንጠባጥቤ ቀመስኩና በቀጥታ ወደ ሻለቃ ጉግሳ ጠረጴዛ ሄድኩ። ከአጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ። የግራ እጃቸው እስከ አሁን ብርጭቆው ላይ ነው፤ ያቺ ትንሽ ጣት እንደተቆለመመች።

«እጅዎን ያንሱ እንጂ፣ ሻለቃ» አልኳቸው። «እትዬ ተቀምጠዋል።»

አነሱ። ሞልቼ ቀዳሁላቸው።